ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ላይ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ፦ የትኛው ይገጥማል?

ባሕርዳር_ኤዲት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ ነው የምሠራው። ኮምፒውተሬ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው። ዩዝድ ነው የገዛሁት፣ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ሲያገለግል ቆይቶ የመጣ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 4570፣ ራሙ 16 ጊጋ፣ ዊንዶውሱ ኤስኤስዲ ላይ ነው። ግራፊክስ ካርድ የለውም። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው የኢንቴል ግራፊክስ ነው እስካሁን የገፋሁት።

ችግሩ ቪዲዮ የማቀናብርበት ፕሮግራም፣ ፕሪሚየር ላይ ነው። ዝም ብሎ መቁረጥና መቀጠል ላይ አይከፋም። ከለር መንካት ስጀምር፣ ወይም ሁለት ሦስት ቪዲዮ ስደራርብ ግን ይቆራረጣል። አንድ ሙሉ ሰርግ ኤክስፖርት ለማድረግ ሌሊቱን ሙሉ አብርቼው ነው የማድረው፣ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ነው። ጥር እየመጣ ነው፣ ቀብድ የተቀበልኩባቸው ሰርጎች አሉ፣ በዚህ ሁኔታ ልገባበት አልፈልግም።

ሦስት አማራጭ አለኝ። አንደኛው አዲስ አበባ ያለ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ ልጅ ነው፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር 6 ጊጋ አለው። ፓወሩ ይችላል ወይ ስለው «አታስብ፣ ኮንቨርተር ገመድ አብሬ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ሁለተኛው እዚሁ ከተማ ሱቅ ውስጥ ያለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጊጋ ነው፣ ዋጋው ከሌላው ቦታ በጣም ይረክሳል። ሦስተኛው፣ የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፣ ለገና ይመጣል፣ ስሙን በትክክል ከነገርከኝ ዩዝድ ገዝቼ አመጣልሃለሁ ብሎኛል።

ሞኒተሬ አሮጌ ነው፣ ያለው የድሮው ቪጂኤ መሰኪያ ብቻ ነው። እሱስ ይሠራል? አንዴ ከገዛሁ የምመልስበት መንገድ ስለሌለኝ ከመግዛቴ በፊት ምን ምን ማየት እንዳለብኝ ንገሩኝ። እባካችሁ።

ሽቦና_ብየዳ፦

ወንድሜ፣ ስለ ካርዱ ከማውራታችን በፊት ኬዙን ክፈተው። ጥገና ላይ ነው የምውለው፣ ሰው ካርድ ገዝቶ ይመጣና «ግጠምልኝ» ይለኛል፣ ከፍቼ ሳየው ወይ ቦታ የለም ወይ ፓወር የለም። ካርዱ ጥሩ ነው፣ ኮምፒውተሩም ጥሩ ነው፣ ሁለቱ ግን አይገናኙም። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ያንተ ኮምፒውተር ምን መሸከም እንደሚችል ነው።

9020 በተለያየ መጠን ነው የሚመጣው። ትልቁ ሚኒ ታወር ይባላል፣ ቆሞ የሚቀመጠው ሰፊው ማለት ነው። ጠበብ ያለው ደግሞ ስሞል ፎርም ፋክተር ነው። ያንተ ጠባቡ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፣ ቁመቱ አጭር የሆነ «ሎ ፕሮፋይል» ካርድ ብቻ ነው የሚገባው፣ ከኋላ የሚታሰረው ብረትም አጭሩ መሆን አለበት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ ካርዱ ሎ ፕሮፋይል ይሆንና ብረቱ ረጅሙ ብቻ ይሆናል፣ ያኔ ኬዙ አይዘጋም።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። ሚኒ ታወር ከሆነ 290 ዋት የሚል ታገኛለህ። ጠባቡ 255 ዋት ነው። ከዚያ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጡትን ገመዶች ተከትለህ እይ፣ 6 ፒን ወይም 8 ፒን ያለው ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ጫፍ አለ ወይ? የሚኖር አይመስለኝም። ይሄ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፣ ሲሠራ ለዚያ አልታሰበም።

አሁን የቴሌግራሙን ልጅ ነገር ላስረዳህ። ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ረጅሙ ስሎት በስታንዳርዱ እስከ 75 ዋት ድረስ ነው የሚሰጠው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ተጨማሪውን በገመድ ከፓወር ሰፕላዩ ይወስዳል፣ ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ያመጣል። 1660 ሱፐር 125 ዋት የሚበላ ካርድ ነው፣ ብዙዎቹ ባለ 8 ፒን ናቸው። ልጁ «ኮንቨርተር» የሚልህ ለሃርድ ዲስክ የሚሆነውን የሳታ ፓወር ወደ 8 ፒን የሚቀይረውን ገመድ ከሆነ በፍጹም እንዳትሰካው። የሳታ ጫፍ ላይ 12 ቮልት የሚያመጡት 3 ፒኖች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 1.5 አምፒር ነው የሚችሉት፣ ሲደመር 4.5 አምፒር፣ በ12 ስታባዛው 54 ዋት። አንተ ደግሞ 150 ዋት የሚል ጫፍ ልታንጠለጥልበት ነው። መጀመሪያ ይሠራል። ዴስክቶፑ ይከፈታል፣ ቪዲዮም ታያለህ። ኤክስፖርት ስትጀምርና ካርዱ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠይቅ ነው ያ ጫፍ መሞቅ የሚጀምረው። ፕላስቲኩ ቀልጦ ፒኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀው የመጣልኝ አለ፣ ከሱ ጋር ሃርድ ዲስኩም ሄዷል። የሰው ሰርግ ያለበት ዲስክ እንዲህ ሲሄድ ደግሞ አስበው።

ስለዚህ ፓወሩን ካልቀየርክ ምርጫህ ምንም ገመድ የማይፈልግ፣ ከስሎቱ ብቻ የሚበላ ካርድ ነው። አትጨነቅ፣ አሉ። ፕሮሰሰርህ 84 ዋት ነው፣ ካርዱን 75 በለው፣ ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ ዲስኮቹንና ፋኑን ጨምረህም 290 ውስጥ በደንብ ትገባለህ።

ካርዱ የሚገባው ሰማያዊው ረጅም ስሎት ላይ ነው። ጥቁሩም ርዝመቱ ተመሳሳይ ስለሆነ ካርዱ ይገባበታል፣ ግን ውስጡ የተዘረጋው በ4 የዳታ መስመር ብቻ ነው፣ ይጎትትሃል። ከሰማያዊው ጀምረህ እስከ ሃርድ ዲስኩ ቤት ድረስ በማስመሪያ ለካና ሴንቲሜትሩን ጻፍልን። ከስሎቱ ጎን ሌላ ካርድ ካለ እሱንም ንገረን፣ ብዙ ካርዶች የሁለት ስሎት ቦታ ይይዛሉ። የ1050 ቲአዩን ደግሞ ከኋላ፣ ገመድ የሚሰካበትን በኩል፣ ፎቶ አንሳና ላክ። ዋጋው አላማረኝም።

ፍሬም_በፍሬም፦

እኔም ቪዲዮ ነው የምሠራው፣ እንዳንተው በቢሮ ኮምፒውተር ነው የጀመርኩት። ሽቦና ብየዳ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ የምጨምረው ይገጥማል ማለትና ለሥራህ ይጠቅማል ማለት የተለያየ መሆኑን ነው።

ገመድ የማይፈልግ ካርድ ስትፈልግ መጀመሪያ የሚያቀርቡልህ ጂቲ 1030 ነው። 30 ዋት ብቻ ነው፣ የትም ይገባል፣ ርካሽ ነው። ለኛ ሥራ ግን አይሆንም። ቪዲዮ ኢንኮድ የሚያደርገው ክፍል፣ ኤንቬንክ የሚሉት፣ እሱ ላይ የለም። ኤክስፖርትህ ያው በፕሮሰሰሩ ላይ ነው የሚቀረው። ሁለተኛው የሚያቀርቡልህ የኤኤምዲ አርኤክስ 6400 ነው፣ 53 ዋት፣ ቆንጆ ትንሽ ካርድ። እሱም ኢንኮደር የለውም። በዚያ ላይ በ4 መስመር ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 የሚባለው ፈጣኑ ስሎት ላይ እንዲሆን የተሠራ፣ ያንተ ማዘርቦርድ ስሎት ደግሞ 3.0 ነው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የምታስሮጠው። ለጌም የሚገዛ ሰው ሊታገሰው ይችል ይሆናል፣ አንተ ግን ለኤክስፖርት ብለህ ገዝተህ ኤክስፖርቱ ካልፈጠነ ምን ዋጋ አለው?

የኢንቴል አርክ ካርዶችም አሉ፣ ኤ380 የሚባለው ለቪዲዮ በጣም ጎበዝ ነው። ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባል ነገር ከማዘርቦርዱ ይፈልጋል፣ ያንተ 4ኛ ጄኔሬሽን ላይ የለም። ስለዚህ እሱን እርሳው።

1050 ቲአይ እውነተኛው ከሆነ ጥሩ ካርድ ነው፣ 75 ዋት ነው፣ ኢንኮደር አለው። ግን 2016 የወጣ ነው። ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ መደበኛውን የድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ማሻሻያ 2025 ኦክቶበር ላይ አቁሟል፣ ከዚያ በኋላ የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ነው። ፕሪሚየር ደግሞ ቨርዥን በጨመረ ቁጥር አዲስ ድራይቨር ይጠይቃል። ዛሬ ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ አንድ ትውልድ ከፍ በል። ጂቲኤክስ 1650 እዚያው 75 ዋት ውስጥ ነው፣ 4 ጊጋ ነው፣ 2019 የወጣ ነው። ለፉል ኤችዲ ሰርግ ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፣ በምን ካሜራ ነው የምትቀርጸው? አዲሶቹ የሶኒ ካሜራዎች ላይ 10 ቢት 4:2:2 የሚል፣ ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ አማራጭ አለ። እሱን ከፍተህ ከቀረጽክ እነዚህ የኤንቪዲያ ካርዶች አንዳቸውም ለማጫወት አይረዱህም። ኤንቪዲያ 4:2:2 ማንበብ የጀመረው አርቲኤክስ 50 በሚባለው ትውልድ ላይ ነው። ሰው ካርድ ገዝቶ «አሁንም ይቆራረጣል» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። 8 ቢት 4:2:0 ላይ ቅረጽ፣ ወይም ፕሮክሲ፣ ለኤዲት ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ፣ ሥራ።

ከቨርጂኒያ፦

እኔ እዚህ ሆኜ ለቤተሰብም ለጓደኛም ዕቃ ገዝቼ እልካለሁ፣ ስለዚህ የአክስትህ ልጅ ምን ማድረግ እንዳለበት ልንገርህ። በቅንነት የሚገዛልህ ሰው የተሳሳተ ካርድ ሊያመጣ የሚችልበት መንገድ ብዙ ነው፣ ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው ሌላ የሆነ ሞልቷል።

ለምሳሌ «ጂቲኤክስ 1650 ግዛልኝ» ብቻ ብለህ ብትጽፍለት 1650 ሱፐር ሊያመጣ ይችላል፣ ያ 100 ዋት ነው፣ ባለ 6 ፒን ነው፣ ላንተ አይሆንም። ተራው 1650 ራሱ እንኳ አንዳንዱ ኩባንያ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ 6 ፒን ጨምሮበታል። ስለዚህ «ያለ ፓወር ገመድ የሚሠራ» ብለህ ጻፍለት፣ ከመክፈሉ በፊትም የካርዱን የላይኛውን ጠርዝ ፎቶ ይላክልህ። ገመድ መሰኪያ ካለ እዚያ ጠርዝ ላይ ወይም ጫፉ ላይ ይታያል። ፎቶው ላይ ካልታየ ሻጩን ሌላ ፎቶ ይጠይቀው።

አርቲኤክስ 3050 ላይም ያው ነው። ባለ 8 ጊጋው 130 ዋት ነው፣ ገመድ ይፈልጋል። 2024 ላይ የወጣው ባለ 6 ጊጋው ደግሞ 70 ዋት ነው፣ ብዙዎቹ ገመድ አይፈልጉም። የአክስትህ ልጅ አቅሙ ካለው ይሄኛው ከ1650 ይሻላል፣ ዕድሜም አለው፣ ሜሞሪውም ይበልጣል። ያገለገለ ግን ገና ብዙ አታገኝም።

ሌላው፣ ማይኒንግ ላይ፣ ማለትም ክሪፕቶ ገንዘብ ማምረት ላይ፣ የዋሉ ካርዶች ጉዳይ ነው። ኢቴሪየም የሚባለው ክሪፕቶ ገንዘብ 2022 ሴፕቴምበር ላይ በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ገበያው ላይ ፈሰሱ። አርኤክስ 580፣ 1660 ሱፐር፣ እነዚህ በብዛት እዚያ ውስጥ ነበሩ። ማይኒንግ የሠራ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፣ በደንብ የተያዘ አለ። ግን ፋኑ ደክሞ፣ ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ የተጻፈው መነሻ ፕሮግራም) ተነካክቶ የሚሸጥም አለ። አንተ አገር ቤት ሆነህ መመለስ ስለማትችል ያንን ዕድል አትሞክር። 1650 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ለማይኒንግ ያን ያህል አልተፈለገም፣ አንዱ ጥቅሙ እሱ ነው።

የአክስትህ ልጅ ኮምፒውተር ካለው ገጥሞ ይሞክረው። ከሌለው የሚሞክርለት ሰው ይፈልግ። ከበረራው ቀደም ብሎ ይግዛ፣ ለመመለስ የሚፈቀደው ጊዜ ሳያልፍ እንዲሞከር። ሲጭነው ደግሞ ኤሌክትሪክ በማያጠራቅመው ከረጢት፣ ዙሪያውን ልብስ አድርጎ፣ በእጅ በሚይዘው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው። ፋኑ ላይ ክብደት እንዳያርፍ።

ሲኤምሲ_ጌም፦

እኔ ግን አልስማማም። 1660 ሱፐር ከ1650 ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ በጣም ይበልጠዋል፣ 6 ጊጋ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ቀይረው። ሚኒ ታወሩ ላይ መደበኛው ኤቲኤክስ ፓወር ይገባል፣ የዴል ማዘርቦርድ ግን የተለየ 8 ፒን ስለሆነ የሚቀበለው ከ24 ፒን ወደ 8 ፒን የሚቀይር አጭር ገመድ ይገዛል፣ አለቀ። እኔ ጋ እንደዛ ነው፣ ይሠራል። ነገ ደግሞ ሌላ ካርድ ስትፈልግ ፓወሩ ዝግጁ ነው።

ባሕርዳር_ኤዲት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኬዙን ከፈትኩት። ሚኒ ታወር ነው፣ ሰፊው። ፓወሩ ላይ 290 ዋት ይላል። ገመዶቹን ተከትዬ አየሁ፣ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱትና የሳታዎቹ ብቻ ናቸው፣ 6 ፒንም 8 ፒንም የለም። ሰማያዊው ስሎት ባዶ ነው፣ ከጎኑም ምንም የለም። እስከ ዲስኩ ቤት ድረስ 20 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን ካርድ የሚከለክለው ነገር አይታየኝም።

ካሜራዬ ካኖን ነው፣ 8 ቢት ነው፣ ስለዚህ ፍሬም ያልሽው አይመለከተኝም ማለት ነው፣ ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ።

የ1050 ቲአዩን ሱቅ ሄጄ አየሁት። ፎቶውን አያይዣለሁ። ሦስት መሰኪያ አለው፣ ኤችዲኤምአይ፣ ዲቪአይ እና ቪጂኤ። ቪጂኤ ስላለው ለኔ ሞኒተር እንዲያውም ይመቸኛል ብዬ ነበር። ሻጩ «ኮምፒውተሬ ላይ ገጥሜ አሳይሃለሁ» ብሏል፣ ስሙም ዊንዶውስ ላይ 1050 ቲአይ ብሎ ይነበባል።

ሽቦና_ብየዳ፦

ቪጂኤው ነው ያጋለጠው። አትግዛው።

ኤንቪዲያ 1050 ካለበት የጂቲኤክስ 10 ትውልድ ጀምሮ የቪጂኤን ሲግናል ከቺፑ ላይ አውጥቶታል። 1050 ቲአይ የሚል ስም ይዞ ቪጂኤ መሰኪያ ያለው ካርድ ስታይ ወዲያው ተጠራጠር። ብዙውን ጊዜ ከሽፋኑ ስር ያለው 2010 አካባቢ የወጣ ጂቲኤስ 450 ወይም የሱ ዘመድ ነው፣ ባዮሱ ላይ ስሙ ተቀይሮ የተጻፈበት። ዊንዶውስ የሚያነበው የተጻፈለትን ስም ስለሆነ «1050 ቲአይ» ቢል ምንም ማስረጃ አይሆንም። ድራይቨሩንም ሻጩ ራሱ በሲዲ ወይም በፍላሽ ይሰጥሃል፣ ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አውርደህ ስትጭን ነው እምቢ የሚለው። ሻጩም ላያውቅ ይችላል፣ ከጅምላ ያመጣው ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ መጣላት አያስፈልግም።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ነፃ ነው፣ ትንሽ ፋይል ነው፣ መጫን እንኳ አይፈልግም። ክፈተውና ሼደርስ የሚለውን፣ የካርዱን የስሌት ክፍሎች ብዛት የሚያሳየውን ቁጥር ተመልከት። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ነው። 1650 ከሆነ 896፣ 1660 ሱፐር ከሆነ 1408። ያ ሱቅ ያለው ካርድ ላይ 192 የሚል ብታይ አይገርመኝም። ፕሮግራሙ የውሸት የኤንቪዲያ ካርድ መሆኑን ሲያውቅ ራሱም ምልክት ያደርግበታል፣ ግን ቁጥሩን በዓይንህ እይ።

የትም ብትገዛ እዚያው ካርዱን ማሞቅ አለብህ። ካርዱን በሙሉ ጉልበት የሚያሠራውን ፈርማርክ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈትና አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ተወው። ሙቀቱ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ መቆም አለበት። 1650 አይነት ትንሽ ካርድ 80 ሳይደርስ ቢቆም ደስ ይላል። ዝም ብሎ ወደ 90 የሚወጣ ከሆነ ቺፑና ማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፓስታ ደርቋል ወይም ፋኑ አልቋል። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ፣ መስመር፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም ከታየ ሜሞሪው ተጎድቷል፣ ትተህ ውጣ፣ ያ በቀላሉ አይጠገንም። ካርዱን በእጅህ ያዘውና ስሎት ውስጥ የሚገቡትን ወርቃማ ጥርሶች እይ፣ የተቃጠለ ጥቁር ነገር መኖር የለበትም። ፋኑን በጣትህ ቀስ ብለህ አሽከርክረው፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቡሺንጉ አልቋል። ብሎኖቹ ጥርሳቸው ከተበላ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው፣ ለምን እንደተከፈተ ጠይቅ።

ሲኤምሲ፣ ያልከው ስህተት አይደለም፣ ፓወር ቀይሮ 1660 ሱፐር መግጠም ይቻላል። እኔን የሚያስፈራኝ ፓወሩ ነው። እዚህ ገበያ ላይ 500 ዋት ተብሎ የሚሸጠው ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ስታነሳው ቀላል ነው፣ ወረቀቱ ላይ የ12 ቮልቱን መስመር አምፒር ስታነብ ደግሞ 500 ዋት የሚያወጣ አይደለም። አምፒሩን በ12 አባዛው፣ እውነተኛ ጉልበቱ እሱ ነው። ጥሩ ፓወር ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ካርድ፣ ፓወርና ማዘርቦርዱ የሚፈልገው ገመድ ሲደመር የተሻለ ሙሉ ኮምፒውተር ሊያስገዛው ይችላል። ለጌም የሚገነባ ሰው ቢሆን እንዳንተ እል ነበር። እሱ ግን ጥር ላይ እንዲቆምበት የማይፈልገው ሥራ ነው ያለው፣ የዴሉ ፓወር ደግሞ ጠንካራ ነው፣ አይነካካ።

ባሕር ዳር፣ ሞኒተርህን በተመለከተ፣ 1650 ላይ ቪጂኤ የለም። ዲቪአይ ያለው ካርድ ቢመጣልህም በትንሿ ተራ መቀየሪያ ወደ ቪጂኤ አይቀየርም። ከጠፍጣፋዋ ቀዳዳ ላይና ታች 4 ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ የቪጂኤውን ሲግናል የሚያመጡት እነሱ ናቸው፣ አዳዲሶቹ ካርዶች ላይ የሉም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ ውስጡ ቺፕ ያለው ኮንቨርተር ግዛ። ርካሽ ነው፣ የትም አለ። ስትገዛ አቅጣጫውን ተመልከት፣ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው ሌላ ዕቃ ነው፣ ተመሳሳይ ነው የሚመስለው።

ፍሬም_በፍሬም፦

ኮንቨርተሩ ለጊዜው ይሁን፣ ግን ከለር የምትሠራ ሰው ነህ። ገንዘብ ስታገኝ ቀጥሎ የምትቀይረው ሞኒተሩን ይሁን፣ በቀጥታ በኤችዲኤምአይ የሚሠራ። የሙሽራዋ ቀሚስ ስክሪንህ ላይ ነጭ ሆኖ ደንበኛው ቲቪ ላይ ሰማያዊ ሲሆን ያመጣው ሞኒተሩ ይሁን ፋይሉ አታውቅም።

ባሕርዳር_ኤዲት፦

ለአክስቴ ልጅ ጽፌለታለሁ። «ጂቲኤክስ 1650፣ ሱፐር ያልሆነ፣ 4 ጊጋ፣ የፓወር ገመድ የማይሰካበት፣ ርዝመቱ ከ20 ሴንቲሜትር የማይበልጥ፣ ባለ 6 ጊጋው 3050 ያለ ገመድ የሚሠራ ከተገኘ እሱን» ብዬ። የላይኛውን ጠርዝ ፎቶ ሳይልክልኝ እንዳይከፍልም ነግሬዋለሁ። ሱቁ ያለውን ትቼዋለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሲመጣ ራሴ ልግጠመው ወይስ ባለሙያ ጋ ልውሰድ? ዴሉ ላይ አስቀድሜ የማስተካክለው ነገር አለ?

ሽቦና_ብየዳ፦

ራስህ ግጠመው፣ ከባድ አይደለም። ካርዱ ሳይመጣ በፊት አሁን የኮምፒውተሩን ባዮስ አድስ። የዴል ድረ ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰርቪስ ታግ ስታስገባ ላንተ ሞዴል የሆነውን ይሰጥሃል። ይሄን ስትሠራ መብራት መሄድ የለበትም፣ ዩፒኤስ ላይ ሰክተህ ሥራው፣ መሀል ላይ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። አሮጌ ባዮስ አዲስ ካርድ ላይ ጥቁር ስክሪን የሚያመጣበት ጊዜ አለ፣ በተለይ 3050 ከመጣልህ። ባዮሱ ውስጥ ቡት ሞዱ፣ ኮምፒውተሩ የሚነሳበት መንገድ፣ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ መሆኑንም እይ። ሌጋሲ የሚባለው አሮጌው ከሆነ ግን ዝም ብለህ አትቀይረው፣ ዊንዶውስህ በሌጋሲ የተጫነ ከሆነ አይነሳም። ያኔ እዚህ ጻፍልኝ፣ እናየዋለን።

ስትገጥም ገመዱን ከግድግዳ ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነህ የቀረውን ኃይል አስወጣ፣ የኬዙን ብረት ንካ፣ ከዚያ ካርዱን ቀጥ አድርገህ ሰማያዊው ላይ ጫነው፣ መቆለፊያው ቀጭ ሲል ትሰማለህ። የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ሰካ። ይሄን የምልህ ብዙ ሰው ማዘርቦርዱ ላይ እንደነበረ ትቶት «ካርዱ አይሠራም» ብሎ ስለሚደውልልኝ ነው። ድራይቨሩን ከኤንቪዲያ አውርድ፣ ስቱዲዮ የሚለውን ምረጥ፣ ከዚያ ፕሪሚየር ውስጥ የፕሮጀክቱ ሴቲንግ ላይ ሬንደረሩን ወደ ኩዳ፣ በኤንቪዲያ ካርዱ ወደሚሠራው፣ ቀይረው። ኤክስፖርት ላይ ደግሞ ኢንኮዲንጉ ሃርድዌር የሚል መሆኑን አረጋግጥ።

የመብራቱን ነገር ካርዱ አይፈታልህም። ተራው ዩፒኤስ የሚያቆየው ሴቭ አድርገህ እስክታጠፋ ነው። የሰርጉንና የመልሱን ፋይል ለየብቻ፣ ረጅሙንም ከፋፍለህ ኤክስፖርት አድርግ፣ ቢቋረጥ የምታጣው አንዱን ክፍል ብቻ ነው።